በዊንተር ከዴንቨር ሲያትል በሴስና 172፦ ተራራው ላይ ለምን ይወድቅብሃል

ሰላም ወንድሜ። ጥያቄህን ሁለት ሦስቴ አነበብኩት፣ ሌላውም ሰው እንዲከታተል ባጭሩ ልድገመው። አውሮራ ኮሎራዶ ነው የምትኖረው፣ ማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር ላይ ጂ1000 (በስክሪን የሚታይ የበረራ መሳሪያ) ባለው ሴስና 172 ከሴንቴኒያል ኤርፖርት ተነስተህ ታላቅ ወንድምህ ያለበት ሲያትል ሄደህ ቦይንግ ፊልድ ማረፍ ነው የምትፈልገው፣ በጃንዋሪ፣ ላይቭ ዌዘር (የዕለቱን እውነተኛ አየር የሚያመጣው) ተከፍቶ፣ ምንም ሳታጭበረብር። ሦስቴ ሞከርክ። ሦስቴም መስመሩን ቀጥታ አድርገህ፣ አውቶፓይለቱን 13,500 ጫማ ሰጥተኸው፣ ቪኤስ (በደቂቃ የሚወጣውን ጫማ የሚወስነው) 500 ላይ አርገህ ሄድክ፣ ተራራው ጋ ስትደርስ ስፒዱ ከ95 ኖት (በሰዓት ኖቲካል ማይል) ወደ 75፣ ከዛ 60፣ ከዛ 50 አካባቢ ሲደርስ አፍንጫው ወደ ሰማይ እንዳየ ስቶል አድርጎ፣ ማለትም ክንፉ መሸከም አቅቶት፣ ወደቀ። «ብርዱ ነው፣ በረዶው ነው፣ ወይስ ሲሙሌተሩ ነው የተበላሸው?» ነው ጥያቄህ።

ሲሙሌተሩ ደህና ነው። እንደውም ያደረገብህ ነገር እውነተኛው አውሮፕላን ከሚያደርገው ብዙም አይርቅም። እኔ እዚሁ ፍሮንት ሬንጅ (ከዴንቨር በስተምዕራብ ያሉት ተራሮች) ስር በትንንሽ አውሮፕላን አስተምራለሁ፣ ቤቴም ሲሙሌተር አለኝ፣ ተማሪዎቼን ዊንተር ላይ ራቅ ወዳለ ቦታ ይዣቸው ከመውጣቴ በፊት ያንተን የምትመስል ጉዞ ቤታቸው ቁጭ ብለው እንዲበሯት አደርጋለሁ፣ ስለዚ እንዲህ አይነት አወዳደቅ ደጋግሜ አይቻለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሦስት ነገር ተደራርቦ ነው የሚጥልህ፣ ግን ሁሉም ከአንድ ቦታ ይነሳል። ስክሪኑ ላይ ያለችው ሮዝ መስመር መንገድ ትመስላለች፣ ኮምፒውተሩ ግን ሁለት ነጥብ አገናኘልህ እንጂ መንገድ አላወጣልህም። ዊንተር ላይ መንገዱን የምታወጣው አንተ ነህ፣ ያውም ሳትነሳ በፊት፣ መሬት ላይ።

መጀመሪያ ብርዱን ከክሱ ነጻ ላውጣው። ብርድ ለሞተርም ለክንፍም ወዳጅ ነው። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይሄን በተቃራኒው ያውቀዋል፣ ቦሌ 7,625 ጫማ ላይ ነው ያለው፣ ከዴንቨር ኢንተርናሽናል ከ2,000 ጫማ በላይ ይበልጣል፣ ቀን ላይ ሲሞቅ ደግሞ አየሩ ይበልጥ ይሳሳል፣ አውሮፕላኑም ረጅም ተንደርድሮ ነው የሚነሳው። እዚህ ዊንተር ላይ ተገላቢጦሽ ነው። ሴንቴኒያል 5,885 ጫማ ላይ ነው፣ ጠዋት ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነ አየሩ ስለሚወፍር አውሮፕላኑ 4,300 ጫማ አካባቢ እንዳለ ሆኖ ነው የሚሰራው። ስለዚ ሲነሳ ጎበዝ ይሆናል፣ አንተም ያንን አይተህ ተራራውም ላይ እንደዚሁ የሚቀጥል ይመስልሃል።

ብርዱ የሚዋሸው አንድ ቦታ ላይ ነው፣ ከፍታህን የሚነግርህ አልቲሜትር ላይ። ከተለመደው የከባቢ አየር ሙቀት በ10 ዲግሪ በበረደ ቁጥር ከኤርፖርቱ በላይ ካለህ ከፍታ ወደ 4 ፐርሰንት ይጎድላል። ዋዮሚንግ ያለው ላራሚ ኤርፖርት 7,284 ጫማ ላይ ነው፣ እዛ ከዜሮ በታች 20 ቢሆን ከተለመደው በ20 ዲግሪ በረደ ማለት ነው፣ አንተ ከኤርፖርቱ በላይ 4,000 ጫማ ነኝ ስትል በእውነት 3,700 እንኳ አትሞላም። ሜዳ ላይ ችግር የለውም፣ ተራራ በጠባቡ ለማለፍ ስትሞክር ግን ያቺ 300 ጫማ ሕይወትህ ናት።

አሁን ወደ ወደቅክበት ነገር። ቪኤስ 500 ማለት አውቶፓይለቱን «የመጣው ይምጣ፣ በደቂቃ 500 ጫማ ውጣ» ብለህ ማዘዝ ነው። 172ኤስ ሙሉ ክብደት ይዞ ባህር ጠለል ላይ በደቂቃ 730 ጫማ ይወጣል፣ 12,000 ጫማ ላይ ግን የቀረው ከ300 በታች ነው፣ የመጨረሻ ጣሪያው ራሱ 14,000 ነው። የሌለውን ስትጠይቀው አውቶፓይለቱ አልችልም አይልህም፣ አፍንጫውን ቀና ያደርግና ከስፒዱ ላይ ይከፍላል፣ እንደገና ቀና ያደርጋል፣ እንደገና ይከፍላል፣ ለዘር ያስቀመጠውን እህል እየበላ እንደሚከርም ገበሬ ማለት ነው። ስለዚ ከሦስቱ አንዱ ወይ ሁለቱ አወዳደቅህ ላይ በረዶ ጭራሽ ላይኖርበት ይችላል። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ስትወጣ ቪኤስን ተወውና ኤፍኤልሲ ተጠቀም፣ ስፒዱን 75 ኖት ላይ አስቀምጠው፣ እሱ ስፒዱን ይጠብቅልሃል፣ የመውጣት አቅሙ ሲያልቅ ደግሞ በግልጽ ታየዋለህ፣ መውጣቱን ቀስ እያለ ያቆማል እንጂ አይገድልህም። ሚክስቸሩንም (የነዳጅና የአየር ድብልቁን) እይ፣ ሴንቴኒያል ላይ ሙሉ በሙሉ ተገፍቶ ከሆነ የምትነሳው ገና ከመሬት ሞተሩ በነዳጅ ታንቆ ከጉልበቱ የተወሰነውን ትተህ ነው የምትሄደው፣ ከ3,000 ጫማ በላይ መቀነስ አለበት።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ፣ 13,500 ጫማ ለምዕራብ አቅጣጫ አይደለም። በአይንህ እያየህ ስትበር ወደ ምዕራብ የምትሄድ ከሆነ ሙሉ ሺው ተጋማሽ ቁጥር ይሆንና 500 ይጨመርበታል፣ 8,500፣ 10,500፣ 12,500። ጎዶሎዎቹ ከፊት ለፊትህ ለሚመጡት ናቸው። በዛ ላይ ከ12,500 በላይ ከ30 ደቂቃ ካለፍክ ፓይለቱ ኦክስጅን ማድረግ ግዴታው ነው፣ ከ14,000 በላይ ደግሞ ሁሌም። ሲሙሌተር ውስጥ ጭንቅላትህ አይዞርም፣ ግን የእውነቱን ጉዞ እየበረርክ ከሆነ እዛ ከፍታ ላይ ለሰዓታት መቆየት የማይታሰብ ነው።

አሁን ወደ በረዶው። ስፒድ ሲወርድ ምን እንደሆነ ለመለየት እኔ ተማሪዎቼን የማስተምራቸው እንዲህ ነው። ስፒዱ ወርዶ አፍንጫው ግን ካልተነሳ፣ ጂፒኤሱ ላይ ያለው ግራውንድ ስፒድም (ከመሬት አንጻር ያለህ ፍጥነት) እንደነበረ ከሆነ ስፒድ የሚለካው ፒቶት ቲዩብ ነው የቀዘቀዘው፣ የፒቶት ሂት፣ የማሞቂያውን፣ ማብሪያ ረስተኸዋል። ስፒዱ እየወረደ አፍንጫው እየተነሳ እየወጣህ ከሆነ አቅም አልቆብህ ነው፣ ከላይ ያልኩህ ነው። ከፍታህ ሳይለወጥ፣ ጋዙ ሳይነካ፣ ስፒዱ ቀስ እያለ ወርዶ አፍንጫው ቀስ እያለ ከተነሳ በረዶ ክንፍህ ላይ እየተጋገረ ነው። (ኃይለኛ ወደታች የሚጫን ንፋስም ይሄንኑ ያሳያል፣ እሱን ዋዮሚንግ ላይ እመለስበታለሁ።)

ፒቶቱን ቀላል አታድርገው። ዲሴምበር 1 ቀን 1974 የኖርዝዌስት ቦይንግ 727፣ በረራ 6231፣ ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ወድቆ ውስጡ የነበሩት ሦስቱም አብራሪዎች ሞተዋል። ፒቶት ሂቱ አልተከፈተም ነበር። ቲዩቡ በበረዶ ሲዘጋ ከፍ ባሉ ቁጥር ስፒዱ የሚጨምር ሆኖ ይታያቸው ጀመር፣ እነሱም ለመቀነስ አፍንጫውን ቀና አደረጉት፣ እውነተኛው ስፒድ ግን እያለቀ ነበር። ሦስት ልምድ ያላቸው ሰዎች ናቸው። አንተ ቤትህ ሆነህ ያቺን ማብሪያ ከመነሳትህ በፊት ማብራት ከለመድክ ትልቅ ነገር ለመድክ ማለት ነው።

በረዶውን ራሱን በቅርብ ያየሁበትን ቀን ላውራህ። ኢንስትሩመንት (በመሳሪያ ብቻ መብረር) ስማር ነው፣ ከአስተማሪዬ ጋር ዋዮሚንግ ወዳለችው ሻያን እየሄድን ነው፣ ስስ ደመና ውስጥ ገባን፣ ከዜሮ በታች 6 ዲግሪ ነበር። ኮክፒቱ ውስጥ ምንም የተለወጠ ነገር የለም፣ ድምፁ ያው ነው፣ ንዝረት የለም። አስተማሪዬ ምንም ሳይናገር በጣቱ ወደ መስታወቱ አናት ጠቆመኝ፣ እዛ ጋ ወደ ውጭ የምትወጣ የቴርሞሜትር ዘንግ አለች፣ እሷ ላይ ነጭ ነገር እንደ ሻማ ሰም ወደ ፊት እየበቀለ ነው፣ ወደ ንፋሱ። ከዛ ክንፉን የሚደግፈውን ብረት አየሁት፣ የክብሪት እንጨት የሚያክል ነጭ መስመር ከላይ እስከታች ተዘርግቶበታል። አራት ደቂቃ አልሞላንም። ስፒዱን ሳየው 12 ኖት ጎድሏል። ወዲያው ዞረን ወጣን፣ ፀሐይ ስናገኝ እንኳ ያ ነጭ መስመር ቶሎ አልሄደም፣ አርፈን በጓንቴ ነው የጠረግኩት፣ እንደ አሸዋ ወረቀት ይሻክር ነበር። ቀጭን ነገር ላይ ነው በረዶ ቀድሞ የሚይዘው፣ ዘንግ፣ የክንፍ ድጋፍ፣ የጅራት ጫፍ፣ ዋናው ክንፍ ላይ ስታየው ጅራትህ ቀድሞ ይዞታል። ሲሙሌተሩ ላይም የመስታወቱን ዳርና የክንፉን ፊት በየአምስት ደቂቃው እያየህ ሂድ።

እና ይሄ ሁሉ ሲሆን አውቶፓይለቱ ምን ያደርጋል መሰለህ? ይሸፍንልሃል። ጃንዋሪ 9 ቀን 1997 የኮሜር በረራ 3272፣ ኤምብራየር 120፣ ከሲንሲናቲ ወደ ዲትሮይት ሲሄድ ሚሺጋን ሞንሮ አጠገብ ወድቆ 29 ሰው አልቋል። ክንፉ ላይ ስስ በረዶ ነበር፣ ስፒዱ እየወረደ ነበር፣ አውቶፓይለቱ መሪውን ይዞ ያንን ሁሉ ሲያካክስ ቆይቶ በመጨረሻ በራሱ ሲለቅ አውሮፕላኑ ባንዴ ተገለበጠ። እጃቸው መሪው ላይ ቢሆን ኖሮ ክብደቱ ቀድሞ ይሰማቸው ነበር። ስለዚ ከዜሮ በታች ሆነህ ደመና ከነካህ አውቶፓይለቱን አጥፋውና በእጅህ ያዝ፣ ይሄንን እንደ ሕግ ውሰደው።

172 ላይ በረዶ የሚያራግፍ ምንም ነገር የለም፣ ፒቶት ሂትና የመስታወት ማሞቂያ ብቻ ነው፣ በረዶ እንዳለ ወደሚታወቅ አየር እንዲገባም አልተፈቀደለትም። አደገኛው ደመና በዜሮ እና ከዜሮ በታች 20 መሀል ያለው ነው፣ ከሱም ወደ ዜሮ የቀረበው ይብሳል፣ ጠብታው ትልቅ ስለሆነ ተዘርግቶ እንደ መስታወት ይጋገራል። አንተ የምትሄድበት ላይ ደግሞ ዋናው ጥያቄ «ታች ሞቃት አየር አለ ወይ?» ነው። ሲያትል አካባቢ መሬቱ 6 ዲግሪ ሆኖ በረዶው ከ4,000 ጫማ በላይ ሊሆን ይችላል፣ ዝቅ ስትል ይቀልጥልሃል። ዋዮሚንግ በጃንዋሪ ግን መሬቱ ራሱ ከዜሮ በታች 12 ሊሆን ይችላል፣ ዝቅ ብትል የምታገኘው ሞቃት አየር የለም፣ ከፍ ለማለት ደግሞ ጉልበት የለህም። መውጫህ አንድ ብቻ ነው፣ የመጣህበት አየር ንጹህ ስለነበር 180 ዲግሪ ዞሮ መመለስ። ለዚህ ነው ከዴንቨር እስከ ቦይሲ ደመና ውስጥ አትግባ የምልህ፣ ስሱም ቢሆን።

ሴቲንጉ ውስጥ የአሲስታንስ ገጽ ላይ ገብተህ የአይሲንግ ኢፌክቱ «ቪዥዋል ኦንሊ» ላይ አለመሆኑን አረጋግጥ፣ እንደዛ ከሆነ በረዶው መስታወቱን ያስጌጣል እንጂ ክንፉን አይነካም፣ እና ምንም አትማርም።

እሺ፣ መንገዱ። ቀጥታው ከሴንቴኒያል ቦይንግ ፊልድ ወደ 890 ኖቲካል ማይል ነው። ገና ሳትሞቅ ሎንግስ ፒክ አካባቢ ካሉት 13,000 ጫማ የሚያልፉ ጫፎች ጋር ያገናኝሃል፣ ኋላ ደግሞ የመሀል አይዳሆ ተራሮች ላይ ይጥልሃል፣ ሞተርህ ቢጠፋ የምታርፍበት ሜዳ የሌለበት፣ ንፋሱ ሁሉ ከምዕራብ የሚመጣበት። እኔ የምሰጥህ መንገድ ወደ 1,100 ኖቲካል ማይል ነው፣ 200 ይረዝማል፣ ግን መሬቱ ዝቅ ይላል፣ ከስር አስፋልት አለ፣ በየመቶ ማይሉ ሳይሞላ ኤርፖርት አለ። ከሴንቴኒያል በሰሜን ወደ ሻያን፣ ከዛ ኢንተርስቴት 80ን ይዘህ ላራሚ፣ ሮሊንስ፣ ሮክ ስፕሪንግስ፣ ከዛ የድሮውን መንገድ 30 ተከትለህ በኬመረር፣ በሞንትፔልየር፣ በሶዳ ስፕሪንግስ ፖካቴሎ፣ ከዛ የስኔክ ወንዝን ሜዳ ይዘህ ትዊን ፎልስ፣ ቦይሲ፣ ከዛ ቤከር ሲቲ፣ ፔንድልተን፣ በኮሎምቢያ ሸለቆ ዘ ዳልስና ትራውትዴል፣ በመጨረሻ ኢንተርስቴት 5ን ይዘህ ሲያትል።

ይሄን መንገድ እኔ አላወጣሁትም። የአሜሪካ ፖስታ ከኒውዮርክ ሳንፍራንሲስኮ በአውሮፕላን መመላለስ ሲጀምር፣ 1920 ላይ፣ የፖስታ ፓይለቶቹ ከሻያን እስከ ሮክ ስፕሪንግስ በዚሁ ነው ያለፉት፣ ክፍት ኮክፒት ውስጥ ተቀምጠው፣ የባቡር ሐዲዱን እያዩ። ፌብሯሪ 1921 ላይ ጃክ ናይት የሚባል ፓይለት የፖስታ ከረጢት ይዞ ከኖርዝ ፕላት በኦማሃ በኩል እስከ ቺካጎ ሌሊቱን ሙሉ በብርድ በሯል፣ ከስር ሰዎች እሳት እያነደዱ መንገድ እያሳዩት። ያን ጊዜ ሮዝ መስመር የለም። ከዛ በኋላ ነው በየአስር ማይሉ መብራት የተተከለው፣ መሬት ላይ የተሰሩት ትላልቅ የኮንክሪት ቀስቶች ዛሬም በየበረሃው አሉ። ቀጥታ መንገድ የሚያስከፍለውን ደግሞ እዛው ከላራሚ በስተምዕራብ ሜዲሲን ቦው ፒክ ላይ ታገኘዋለህ፣ 12,013 ጫማ ነው፣ ኦክቶበር 6 ቀን 1955 ከዴንቨር ወደ ሶልት ሌክ የሚሄድ የዩናይትድ ዲሲ-4 ከታቀደው መስመር ወጥቶ ተራራውን መትቶ 66 ሰው ሞቷል። ለምን እንደወጣ የሚያውቅ የለም። አንተ ሲሙሌተሩ ላይ ላራሚን ስታልፍ በግራህ ታየዋለህ፣ እኔ ባየሁት ቁጥር ዝም እላለሁ።

ዋዮሚንግ ላይ የሚፈትንህ ንፋሱ ነው። ከሻያን ስትወጣ ሸርማን ላይ ኢንተርስቴት 80 እስከ 8,640 ጫማ ይወጣል፣ የመንገዱ ሁሉ ከፍተኛ ቦታ እሱ ነው፣ ከላራሚ በኋላ ደግሞ ኤልክ ማውንቴን አለ፣ 11,156 ጫማ፣ አስፋልቱ በሰሜኑ በኩል ነው የሚዞረው፣ አንተም በሰሜኑ ዙር። እዚህ ጋ መኪና የሚገለብጥ ንፋስ ነው ያለው፣ ዊንተር ላይ መንገዱ በተደጋጋሚ ይዘጋል። 10,500 ላይ ሁን። ከመነሳትህ በፊት ኤቪዬሽን ዌዘር ሴንተር ገጽ ላይ ገብተህ የ9,000 እና የ12,000 ጫማ ንፋስ አንብብ፣ የተራራው አናት ላይ ከ25 ኖት በላይ ከሆነና ተራራውን በጎኑ የሚመታ ከሆነ ከጀርባው አየሩ እንደ ማዕበል ይታጠፋል። ያኔ አውሮፕላንህ ሙሉ ጋዝ ላይ ሆኖ በደቂቃ 800 ጫማ ሲወርድ ታያለህ፣ ከፍታ ያዝ ያልከው አውቶፓይለትም ያንኑ የተለመደ ነገር ያደርጋል፣ አፍንጫ ቀና፣ ስፒድ ወደታች። አጥፋው፣ ስፒድህን ጠብቅ፣ ከፍታው ይሂድ፣ ዝቅ ወዳለው መሬት ዙር። መንገጫገጩ ከበረታ ከ105 ኖት በታች ሁን፣ ነዳጅህ እየቀለለ ሲሄድ ከዛም ቀንስ። ተራራ ስታቋርጥ ፊት ለፊት አትሂድበት፣ በ45 ዲግሪ ሰያፍ ቅረበው፣ ካልሆነልህ ትንሽ ዞረህ ታመልጣለህ።

ነዳጁንም ንፋሱ ነው የሚወስነው። የሚጠቅምህ 53 ጋሎን ነው፣ በሰዓት 10 ጋሎን አስብ። እስከ ሮክ ስፕሪንግስ ወደ 295 ኖቲካል ማይል ነው፣ 40 ኖት ከፊት ከመጣብህ በ80 እየሄድክ አራት ሰዓት ሳይሞላ ትደርሳለህ፣ 50 ከሆነ ግን ግራውንድ ስፒድህ 70 ይሆንና ስትደርስ የቀረህ አንድ ሰዓት ብቻ ነው፣ ሮክ ስፕሪንግስ ቢዘጋስ? ስለዚ ሮሊንስ ላይ ሰዓትህን እይ፣ ከ80 በታች እየሄድክ ከነበር ውረድና ሙላ። እኔ ባለፈው ዊንተር ይሄንኑ መስመር ቤቴ ስበር ስድስት ቀን ነው የፈጀብኝ፣ ሁለቱን ቀን ሮሊንስ ቆሜ ነው ያሳለፍኩት፣ ማታ ማታ እየከፈትኩ ንፋሱን አያለሁ፣ እዘጋለሁ። እንደዛ መጠበቅም ጉዞው ውስጥ ነው፣ እንዳትዘለው፣ የአየር ጠባዩን በእጅህ አትቀይር።

ከሮክ ስፕሪንግስ እስከ ፖካቴሎ 175 ማይል ገደማ ነው፣ ኬመረር ጋ መሬቱ ወደ 7,000 ነው፣ ከዛ ሸለቆ ለሸለቆ ነው፣ ጥርት ባለ ቀን ቀላል ነው። ቀኑ አጭር መሆኑን ብቻ አስብ፣ ተራራ መሀል ሳይመሽብህ እረፍ።

ስኔክ ወንዝ ሜዳ ላይ ስትገባ ትተነፍሳለህ። ሰፊ ነው፣ እየወረደ ይሄዳል፣ ትዊን ፎልስ ጋ መሬቱ ባንዴ ተሰንጥቆ ወንዙ ከታች ይታይሃል፣ ከውሃው 486 ጫማ ከፍ ያለው ድልድይ አለ፣ ዞር በልና እየው። እዚህ የሚያሳስበው ጭጋጉ ነው። ዊንተር ላይ ቀዝቃዛው አየር ሜዳው ላይ ተኝቶ ከላይ ሞቃቱ ይከድነዋል፣ ቀናት ሙሉ ላይነሳ ይችላል፣ አንተ ከላይ በፀሐይ እየሄድክ ቦይሲ ከስር እንደ ወተት ተሸፍናለች። ሜታሩ (የኤርፖርቱ የአየር ሪፖርት) ላይ የሙቀት መጠኑና ዲው ፖይንቱ (እርጥበቱ ወደ ጤዛ የሚቀየርበት ሙቀት) በአንድ ወይ በሁለት ዲግሪ ከተቀራረቡ ጭጋግ አለ ወይም ሊመጣ ነው። ያኔ ትዊን ፎልስ ቆመህ ከሰዓት በኋላ እየው።

ከቦይሲ በኋላ ብሉ ማውንቴንስን በሚቻም በኩል ነው የምታልፈው፣ መንገዱ ከ4,000 ጫማ ትንሽ ነው የሚያልፈው፣ ግን ከፓስፊክ የሚመጣው እርጥብ አየር የሚጀምርህ እዚህ ነው። ሚቻም ላይ የአየር ጣቢያ አለ፣ እሱን ሳታነብ ከቤከር ሲቲ አትነሳ።

ከዛ ኮሎምቢያ ሸለቆ። እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ከፔንድልተን በቀጥታ የካስኬድስን ተራሮች አቋርጦ ሲያትል መግባት ያምረዋል። ካስኬድስ በጃንዋሪ የዚህ ጉዞ ሁሉ መጥፎ የበረዶ ደመና ያለበት ቦታ ነው፣ ባህሩ ቅርብ ነው፣ ደመናው በውሃ ጠግቧል፣ ሙቀቱም ዜሮ አካባቢ ነው። ሸለቆው ግን ተራራውን ከስሩ ነው የሚበሳው፣ ዘ ዳልስ 247 ጫማ ላይ ነው፣ ትራውትዴል 39። በግራህ ማውንት ሁድ፣ በቀኝህ ማውንት አዳምስ፣ አንተ መሀል፣ ከስርህ ወንዙ። የቀኙን ዳር ይዘህ ሂድ፣ መሀሉን ከያዝክ ለመመለስ ብትፈልግ መዞሪያህን ግማሽ አድርገኸዋል።

ሸለቆው የራሱ ጠባይ አለው ታዲያ። ዊንተር ላይ ምስራቁ ሜዳ ላይ የተጠራቀመው ቀዝቃዛ አየር በዚህ ጠባብ በር ወደ ምዕራብ ይፈሳል፣ ከኋላህ ይገፋሃል፣ ደስ ይላል፣ ትራውትዴል መውጫው ላይ ግን ኃይለኛና የሚቆራረጥ ይሆናል። ከባህር የመጣ ሞቅ ያለ ዝናባማ አየር ከላዩ ሲጋልብበት ደግሞ ዝናቡ ከሞቃቱ ወርዶ ቀዝቃዛው ውስጥ ሲገባ ሳይረጋ ይቀራል፣ የነካውን ነገር ሁሉ በመስታወት ይለብጠዋል። ፍሪዚንግ ሬይን ነው። የትራውትዴል ሜታር ላይ ኤፍዜድአርኤ (የፍሪዚንግ ሬይን ምልክት) የሚል ካየህ ዘ ዳልስ ቁጭ በል። አውሮፕላኑን እሰረው፣ ሲሙሌተሩን ዝጋው፣ ነገ ተመለስ። እዚህ ነገር ውስጥ 172 የሚያድን ጥበብ እኔ አላውቅም።

ከትራውትዴል በኋላ ሌላ ሀገር ነው። አረንጓዴ፣ እርጥብ፣ ዝቅ ያለ ደመና፣ ከስር አስፋልቱና ኬልሶ፣ ቸሄሊስ፣ ኦሊምፒያ። ወደ 120 ማይል ነው። ደመናው 2,500 ጫማ ላይ ከሆነ ከስሩ 1,500 ላይ ሂድ፣ መሬቱ ከዜሮ በላይ ስለሆነ ቢይዝህም ዝቅ ስትል ይለቅሃል። ደመናው ከ1,500 በታች ከወረደ ግን ኦሊምፒያ እረፍ። ሲያትል ዲሴምበር መጨረሻ ፀሐይ የምትገባው በአሜሪካ ሰዓት አቆጣጠር ከሰዓት በኋላ 4፡20 አካባቢ ነው፣ ደመና ካለ ከዛም ቀድሞ ይጨልማል፣ ስለዚ ከትራውትዴል ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኛ አቆጣጠር አትለፍ።

ቦይንግ ፊልድ 21 ጫማ ላይ ነው፣ ትልቁ ራንዌይ 10,000 ጫማ ይረዝማል፣ ከ5,885 ተነስተህ ለመጣኸው ሰፊ ነው። ዝናብ ካለ ንፋሱ አብዛኛውን ጊዜ ከደቡብ ነው፣ ስለዚ ከተማውን አልፈህ ዞረህ ነው በራንዌይ 14 ቀኝ የምትገባው፣ ውሃውና ፎቆቹ ከፊትህ ይሆናሉ። አየሩ እዚህ ወፍራም ስለሆነ ሚክስቸሩን መልሰህ መግፋት እንዳትረሳ።

ከመነሳትህ በፊት የሴንቴኒያልን፣ የሻያንን፣ የላራሚንና የሮሊንስን ሜታር፣ የ9,000ና የ12,000 ጫማውን ንፋስ ወረቀት ላይ ጽፈህ ላክልኝ፣ አብረን እናየዋለን። የዛን ቀን አትነሳ ካልኩህ ደግሞ እመነኝ፣ ሻያን እንኳ ጥርት ብላ ኤልክ ማውንቴን ጋ የሚሆነውን አይቼዋለሁ።